ታርሞ በድጋሚ ይላክ

ጥቅምት 6

ሰላም አያቴ እንዴት ኖት
አያውቁኝም ግን የልጅዎ ሴት ልጅ ነኝ 16 አመቴ ነው
አድራሻዎን ከአንድ የድሮ ባዶ ፖስታ ላይ ነው ያገኘሁት እማዬ አታውቅም እንዳይነግሯት ደሞ
የቋንቋ አስተማሪያችን ፈተና ላይ የጻፍኩትን አንብባ ይሄ ድርሰት ሳይሆን የስልክ ወሬ ነው አለችኝ
ከክፍላችን 11 ልጆች ወድቀናል ጣታችሁ እንጂ ጭንቅላታችሁ አይጽፍም አለችን ሰው ሁሉ ሳቀ
ማካካሻው በእጅ ተጽፎ በፖስታ ከሩቅ ዘመድ ጋር መጻጻፍ ነው 3 መልስ ካላመጣሁ ክፍል እደግማለሁ
እኔ ደሞ ሩቅ ዘመድ ያለኝ እርስዎ ብቻ ኖት
እዚህ ሰላም ነን እማዬ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሰራው የተሰፋውን እያየች ጉድለት ያለበትን ትለያለች
አንገቷ ላይ ምናምን አብጦ ቀጠሮ ተሰጥቷታል ኦፕራሲዮን ነገር ድምጿም ትንሽ ምናምን ሆኗል
ኦኬ በቃ መልስ ይጻፉልኝ እሺ
ቻው


ጥቅምት ፳፬ ቀን

አይቻት ለማላውቅ፣ ነገር ግን ለማልክዳት የልጄ ልጅ፤

ብርሃንን ከጨለማ የለየ አምላክ ደጃፍሽን ይጠብቅ፤ መውጣትሽንና መግባትሽን ይባርክ። እኔ በቸርነቱ አለሁ። ጉልበቴ ቢደክምም ዓይኔ ገና አልከዳኝም።

ማን እንደሆንኩ ላስታውቅሽ። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቆጥሬ አደግሁ። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከአንዲት ጠረጴዛና ከሁለት ወንበር ጋር፣ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ፍርድ የተጓደለበት፣ አጥሩ የተገፋበት፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሁሉም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አልቅሷል። እኔም ለቅሶውን ሥርዓት አስይዤለታለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አስተማሪሽ እውነቷን ነው። መሥመሮችሽ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች በር በራቸውን ዘግተው ቆመዋል። አንዱን ከሌላው የሚያስታርቅ “ስለዚህ” የለም፤ “ነገር ግን” የለም፤ ዐረፍተ ነገር የሚያርፍበት ነጥብም የለም። “ምናምን” የሚል ቃል ሁለት ጊዜ አገኘሁ። ምናምን ምንድን ነው? ሰው ለሚናገረው ነገር ስም ካጣለት፣ ስሙን እስኪያገኝ ዝም ማለት ይገባዋል። ከጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ከፍቷል። ወጣቶች በደጁ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተው ሲጻጻፉ እያየሁ፣ ይህ ትውልድ ቋንቋውን እንደ ፍርፋሪ እየቆነጠረ ሊጨርሰው ነው እላለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤሽን በቀይ ቀለም አርሜ መልሼልሻለሁ። አርባ ሰባት ቦታ ነው። በጥንቃቄ ተመልከቺው፤ ከሥሩ እንዳሰፈርኩትም ታርሞ በድጋሚ ይላክ።

ሰላም መሆናችሁን በመስማቴ አምላኬን አመሰግናለሁ።

አያትሽ


ታኅሣሥ ፩ ቀን

ለልጄ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከመካከላችን ካለው መንገድ ይርዘም፤ በረከቱም ይቅደመው።

መልስሽን ስጠብቅ አምስት ሳምንት አለፈኝ። ፖስታ ቤት በቀን ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ የመስኮቷ ሠራተኛ ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። ለጸሎት ስቆም የደገምኩትን መልሼ እደግመዋለሁ፣ የቱ ጋ እንደደረስኩም ይጠፋኛል። ትናንት ለአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ የከሳሹን ስም በተከሳሹ ቦታ አገባሁ። በአርባ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

የሥራዬ ልማድ አንድ ነገር አለ። ከእጄ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ፣ የእኔም ይሁን የሌላ፣ በመዝገብ ተገልብጦ ይቀመጣል። ያንቺንም ደብዳቤ ከመመለሴ በፊት እንደ እርማቱ አጣርቼ ገልብጬው ነበር። ትናንት ያንን ግልባጭ አውጥቼ አነበብኩት።

ሰው ሲያማክረኝ፣ ነገሩን ከየትም ይጀምረው፣ ጉዳዩ የቱ ጋ እንዳለ ፈጥኜ የማውቅ ሰው ነኝ ብዬ እመካ ነበር። ያንቺ ጉዳይ ከ“ቻው” በላይ ባለው ስፍራ ላይ ነበር። “አንገቷ ላይ አብጦ ቀጠሮ ተሰጥቷታል” ይላል፤ በገዛ እጄ ጽሕፈት። እኔ “ምናምን”ን ሰርዤ በላዩ ተሻግሬ ሄጃለሁ። “ሰላም ነን” ያልሽውን ተቀብዬ፣ ሰላም እንዳልሆናችሁ የነገርሽኝን አርሜ መልሻለሁ።

ቀጠሮው መቼ ነው? ምን አሏት? ድምጿ እንዴት ሆነ? ስለ ነጥብና ስለ መሥመር አትጨነቂ። እንደ መጣልሽ ጻፊ፤ ብቻ ጻፊ።

አያትሽ


ታኅሣሥ 17

ለአያቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ለአስተማሪዬ አሳየኋት። በጣም ደስ አላት። ለክፍሉ እያነሳች አርባ ሰባቱንም አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ አርባ ሰባት ነው የሚሉኝ። ስለዚህ (ይኸው “ስለዚህ” አልኩ) ሁለተኛ ላልጽፍልዎ ወስኜ ነበር።

እማዬ ታኅሣሥ 8 ቀን ኦፕራሲዮን ሆነች። እንቅርት ነው። ዕጢው ወጥቷል፣ ክፉ ነገር የለውም ብለውናል። ነገር ግን የድምጿ ጅማት ተነክቷል። ሐኪሙ በሦስት ወር ውስጥ ድምጿ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። አሁን አፏን ስትከፍት አየር ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን በስልክ ነው የምንጻጻፈው። እሷ ከአልጋ “ውሃ” ትላለች፣ እኔ ከምድጃው አጠገብ “መጣሁ” እላለሁ።

ሆስፒታል ሊያስገቧት መታወቂያዋን ሲጠይቁ የወረቀት ሣጥኗን ከፈትኩ። ከልደት ካርዴ ሥር አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘሁ። የእማዬ ጽሑፍ ነው፣ ግን በላዩ ሁሉ ቀይ ነው። እርስዎ የ“ል”ን እግር ረጅም አድርገው ነው የሚጽፉት። ወዲያው አወቅኩዎ።

አነበብኩት። እዚያ ደብዳቤ ውስጥ እኔ አለሁ። ገና አልተወለድኩም ግን አለሁ። ብቻዬን ነኝ ትላለች፣ የወደድኩት ልጅ ጥሎኝ ሄዷል ትላለች፣ ቤት ልምጣ ወይ ብላ ትጠይቃለች። እርስዎ “ነፍሰ ጡር” የሚለውን ቃል አስተካክለው በላዩ ጽፈውላታል። መምጣቷን ግን አልመለሱላትም። ከሥሩ “ታርሞ በድጋሚ ይላክ” ይላል።

አስተማሪዬም እርስዎም ስልክ አበላሻችሁ ትላላችሁ። እኔ በስልክ አመመኝ ብዬ ለጓደኛዬ ብጽፍላት “የት ጋ ነው ያመመሽ?” ነው የምትለኝ። እንዴት እንደጻፍኩት አትነግረኝም።

ይህን ስጽፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። እርስዎን ፈርቼ አይደለም። እንዳይገባዎት ስለፈራሁ ነው።

የልጅዎ ልጅ


ጥር ፩ ቀን

ለልጄ ልጅ፤

በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ በረከት ለመላክ አፍሬአለሁ። አንቺ ከወደድሽ ባርኪኝ።

የጻፍሽው ሁሉ ገብቶኛል። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩበትም፤ በመዝገብም አልገለበጥኩትም። ከዳዊቴ መካከል አኑሬዋለሁ።

የእናትሽ ደብዳቤ የመጣበትን ዓመት መዝገብ ቅጠሎች ተባይ ጀምሯቸዋል፤ የእሷ ገጽ ግን አልተነካም። ትናንት አወጣሁት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልከፈትኩትን፣ አጣርቼ፣ አሰማምሬ፣ ነጥቡን በየቦታው አኑሬ የገለበጥኩትን የልጄን ጩኸት አነበብኩት። እንዲያ ያማረ ጽሑፍ በሕይወቴ አልጻፍኩም።

እንዲህ ሆነ። ያን ጊዜ የአጥቢያው ሽማግሌ ነበርኩ፤ የሰው ባልና ሚስት አስታርቅ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሦስተኛው መሥመር ላይ ነገሩ ገባኝ። ገብቶኝ ሳለ እጄ ቀዩን ብዕር አነሣ። ሰው ሲፈራ የለመደውን ሥራ ይሠራል፤ እኔም የለመድኩት ማረም ነበር። እስከ መጨረሻው አረምኩ። ካረምኩ በኋላ የቀረብኝ የለም መስሎኝ በዕለቱ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ከዚያም መልስ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር ልጄ እልኸኛ ናት አልኩ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ “ደኅና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው” እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ዋሽቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በወጣትነቴ ብራና ከሚጽፉ አባት ዘንድ ቀለም በጥባጭ ነበርኩ። ጥቁሩ ለንባቡ ነው፤ ቀዩ ግን የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብቻ ይነከራል። ቀዩን በማይገባ ቦታ ያንጠባጠብኩ ቀን አባታችን ለሦስት ቀን የቀለም ቀንዱን አላስነኩኝም። እኔ ያንን ቀለም ከዚያ ወስጄ የልጄን ቁስል መቁጠሪያ አደረግሁት።

እናትሽን በልጅነቷ ቀለሜ እላት ነበር፤ ያሳየኋትን ፊደል ሁሉ በአንድ ቀን ስለምትይዘው። እንዲህ ስትባል እንደነበር ነግራሽ ታውቅ ይሆን?

አሁን ስልክ ደውዬ ድምጿን ልሰማ አልችልም። ፖስታው ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ እኔም መቀመጥ አቅቶኛል፤ ጠዋት ከቤት ወጥቼ የት እንደምሄድ ሳላውቅ መንገድ ላይ እገኛለሁ። ያን በስልክ መጻፍ የምትሉትን አስተምሪኝ።

አያትሽ


ጥር 16

ለአያቴ፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ። እርስዎ ባርኪኝ ስላሉ ነው፤ እንዴት እንደሚባረክ አላውቅም።

ቀለሜ መባሏን ነግራኝ አታውቅም። ትናንት “ቀለሜ” ብዬ ጻፍኩላት። “ማን ነገረሽ” አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። “ተዪው” ብላ ብቻ መለሰችልኝ። በአንድ ቃል ሲሆን መቆጣቷን ይሁን ማዘኗን ማወቅ አልቻልኩም። ድምጿ ቢኖር አውቀው ነበር። ይኼ የስልኩ ጥፋት ነው፣ አምናለሁ።

ሌላም አምናለሁ። ፋብሪካው የሕመም ፈቃድ ማመልከቻ ጠየቀን። እኔ ጻፍኩት። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ አንብቦ “የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ ሳይሆን ጨዋታ ነው” ብሎ መለሰልኝ። እማዬ ሥራዋን ልታጣ ነው ብዬ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ቤት ገብቼ አርባ ሰባት ቦታ የታረመውን ደብዳቤ አወጣሁ። እያየሁ ጻፍኩ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደደረሰባት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስለዚህ ምን እንደምንለምን። ሰውዬው በማግሥቱ ማኅተም መታበት። አሁንም ተናድጄብዎታለሁ። ግን ማወቅ ያለብዎት ስለሆነ ነው የምነግርዎ።

የስልክ ትምህርት ይኸው። ቁጥሯን ከታች ጽፌዋለሁ። አጭር ያድርጉት። ብርሃንን ከጨለማ የለየ አምላክ እያሉ አይጀምሩ፣ እዚያ ሳይደርሱ ትዘጋዋለች። ፊርማ አይፈልግም። ከላኩት በኋላ መልሰው ማረም አይችሉም። እሱን በደንብ ያስቡበት።

የልጅዎ ልጅ


ጥር ፴ ቀን

ለልጄ ልጅ፤

የለመንሽልኝ ጉልበት ተሰጥቶኝ እስከ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ከጠረጴዛዬ ስምንት እርምጃ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተሻግሬው አላውቅም።

“የኔታ፣ ምን ተሰበረብዎት?” አለኝ። ስልክ የለኝምና የተሰበረው ሌላ እንደሆነ ነገርኩት። አልሳቀም። የራሱን ስልክ ሰጥቶኝ፣ ፊደሉን እንዴት እንደምነካ አሳየኝ። ጣቴ ወፍሮ አንዱን ስነካ ሌላው ይመጣል። ከጠዋት እስከ ቀትር አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። ደንበኞቹ እየመጡ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያያሉ። አንዱ ወጣት ለማን ነው ቢለው ጠጋኙ “ዝም በል፣ የኔታ አቤቱታ እየጻፉ ነው” አለው። “ለየትኛው ችሎት?” ብሎ ጠየቀ ልጁ። እኔም በልቤ ይህን ጥያቄ ያዝኩት።

ልልክ ስል ግን ጣቴን መልሼ አነሣሁ። ሲጠፋና ሲመለስ የዋለው ድፍረቴ በዚያች በትንሿ የመላኪያ ምልክት ላይ ቆመ። በመጨረሻ ጠጋኙ፣ “የኔታ፣ ባትሪው ከእርስዎ ቀድሞ ሊሞት ነው” አለኝ። ላክሁት።

በመዝገብ ስላልተገለበጠ፣ የላክሁት ይህ መሆኑን አንቺ ዕወቂልኝ።

“ቀለሜ፣ አባትሽ ነኝ። ሳላውቅ በድዬሻለሁ። ያን ጊዜ ነይ ማለት ነበረብኝ። ድምፅሽ ሲመለስ መስማት እመኛለሁ። መልስ አልጠብቅም።”

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጠጋኙን ሥራ አስፈትቼዋለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ፤ እሱም ከውስጥ ሆኖ “አይደለም የኔታ” ይለኛል። መልስ አልጠብቅም ብዬ ጽፌ ስጠብቅ እውላለሁ።

አያትሽ


የካቲት 14

ለአያቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። በስልክ መልስ እንዳልመጣልዎ አውቃለሁ፤ የሆነውን በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

መልእክትዎ ሲገባ እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አስቀመጠች። አነበበች። ስልኩን ትራስ ሥር አስገብታ መተኮሱን ቀጠለች። ለስድስት ቀን ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልጻፈችልኝም። ትራሱን ግን በየሰዓቱ ታነሳው ነበር።

በሰባተኛው ቀን “ቀይ እስክሪፕቶ ግዢልኝ” አለችኝ። ፋብሪካ ውስጥ ጉድለት ያለበት ልብስ ላይ ቀይ ክር ነው የምታስረው፣ ለዚያ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ስመጣ ጠረጴዛውን ጠርጋ ተቀምጣለች። መልእክትዎን ከስልኩ ላይ በጥቁር ቃል በቃል ገለበጠችው። ከዚያ ቀዩን ከፈተች። ምን እንደጻፈች አላየሁም፣ በክንዷ ከልላው ነበር፣ እንደ ፈተና። መሃል ላይ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታነቀች መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቀች ነበር። ድምፅ የለውም ግን ሳቅ ነው። ዕንባም ነበረው።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ታሽጓል። ራሷ ነች ያሸገችው።

አስተማሪዬ ሦስቱን መልስ አሳዪኝ አለች። ፖስታዎቹን ብቻ ሰጠኋት። ይዘታቸው የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኳት። ልትቆጣ ነበር፤ ከዚያ የማመልከቻውን ቅጂ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አንብባ “ማን አረመልሽ?” አለች። ማንም፣ አልኳት። ክፍል አልደግምም።

የልጅዎ ልጅ


የካቲት ፳፱ ቀን፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ

ለልጄ ልጅ፤

ይህ ወረቀት ከእኔ በኋላ ይደርስ ይሆናል፤ ቢሆንም ሳልጽፍ መሳፈር አልሆነልኝም። የሁለት ቀን መንገድ ነው ይላሉ። የምጽፈው በጉልበቴ ላይ ነው፤ ቀለም የፈሰሰበትን ቦታ እንዳለ ተዪው።

የእናትሽ እርማት ደረሰኝ። በፖስታ ቤቱ ደጃፍ ከፈትኩት። የመስኮቷ ሠራተኛ ወጥታ ወንበር ሰጠችኝ።

“ሳላውቅ” የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛዋለች። ተቀብያለሁ፤ ዐውቄ ነበር። “ድምፅሽ ሲመለስ” ካልኩበት ላይ “ባይመለስም” ብላ ጽፋለች። ተቀብያለሁ። “መልስ አልጠብቅም” የሚለውን ከዳር እስከ ዳር ሰርዛ፣ በኅዳጉ “ይጠብቁ” ብላለች። ተቀብያለሁ፤ ይህንንስ ከእርማቷም በፊት ስፈጽመው ነበር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ታርሞ በድጋሚ ይጻፍ። በፖስታ አይላክ፤ ይዘውት ይምጡ።”

ታርሞ ተጽፏል። ከደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ስልክ ጠጋኙ ከሚገጣጥማቸው የቆዩ ስልኮች አንዱን ለመንገድ ሰጥቶኛል፤ ጠረጴዛዬንም እሱ ይጠብቃል። መዝገቡን ግን ትቼው መጥቻለሁ።

አንዲት እርማቷን ብቻ አልተቀበልኩም። “ቀለሜ” ካልኩበት ላይ ሰርዛ “እሷ ድሮ ነበረች” ብላ ጽፋለች። እኔ በአዲሱ ግልባጭ ላይ ያንን ስም መልሼ ጽፌዋለሁ፤ እሱን ብቻ በቀይ። እንዲህ አድርጌ መጻፌን አስቀድመሽ አትንገሪያት። ልትከራከረኝ ብትፈልግ፣ ድምፅ ባይኖራትም ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ።

አውቶቡሱ እየጠራ ነው።

አያትሽ